ጸደይን በወተት መቁጠር፦ የአየርላንዱ ኢምቦልክና የምንጮቹ ዕድሜ

ጸደይ ገባ የሚባለው መቼ ነው? አበባ ሲፈነዳ? ብርዱ ሲለቅ? ወይስ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር ሲናገር? ይህን ጥያቄ አየርላንድ ውስጥ ብታነሡ ብዙ ሰው «ፌብሩዋሪ 1 ነዋ!» ይላችኋል። ቀኑን እዚያው ሆናችሁ ብታዩት ግን ጸደይ የሚያሰኝ ነገር ለማግኘት ትቸገራላችሁ። ዛፎቹ ገና ቅጠል አላወጡም፤ ዝናቡ ከነፋስ ጋር እየተጋፋ ፊት ይገርፋል፤ ደብሊን ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ 11 ሰዓት ገደማ ደግሞ ትጠልቃለች። ታዲያ ሰዎቹ ምን አይተው ነው ጸደይ የሚሉት?

በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ «ስለ አንድ ወቅት ጽፋችሁ አምጡ» የሚል የቤት ሥራ ሲሰጠን እኔ የመረጥኩት ይህን ቀን ነበር። የቤት ሥራው ካለቀ ቆይቷል፤ ጉዳዩ ግን አልለቀቀኝም። ስለ በዓላት አመጣጥ በሚጻፉ ጽሑፎች ላይ «ከጥንት ከጠዋቱ ጀምሮ» የምትል ሐረግ አትጠፋም። ማን አለ? መቼ አለ? ብሎ የሚጠይቃት ሰው ግን ጥቂት ነው። ይህችን ሐረግ ለመፈተን ከኢምቦልክ የተሻለ በዓል አላገኘሁም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አይሪሾች የጸደይን የመጀመሪያ ምልክት እንዴት እንደሚቀበሉና ያንን የምናውቀው ከማን እንደሆነ አንድ ላይ አድርጌ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ስለ ቃላቱ ጥቂት

«ኬልቲክ» ስል በ«ኬ» ነው። በ«ሴ» የሚጠሩት የግላስጎው የእግር ኳስ ክለብና የቦስተን የቅርጫት ኳስ ቡድን ናቸው። ጥንት ግሪኮች በአውሮፓ መሀል ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦችን በዚህ ስም ይጠሯቸው ነበር። ዛሬ ቃሉ በዋናነት የሚያገለግለው ለአንድ የቋንቋ ቤተሰብ ነው፤ አይሪሽ፣ የስኮትላንድ ጌይሊክ፣ ማንክስ፣ ዌልሽ፣ ብሬቶንና ኮርኒሽ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ኢምቦልክ ግን የሁሉም አይደለም። ማስረጃው ያለው በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በማን ደሴት ነው። ዌልሶች በዚያው ሰሞን የሚያከብሩት የማርያምን የሻማ በዓል ነበር። «የኬልቶች ሁሉ በዓል» የሚል ካነበባችሁ እዚያው ላይ እርሳሳችሁን አንሡ።

ሌላው ጸደይ የሚለው ቃል ራሱ ነው። እኛ ጋ የፈረንጆቹን «ስፕሪንግ» ጸደይ ብሎ መተርጎም ተለምዷል። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው፤ ክረምት አልፎ የሚመጣው የአበባ ወቅት መፀው ይባላል። ስለዚህ የአየርላንዱን ወቅት አንዱ ተነሥቶ «መፀው ነው መባል ያለበት» ቢለኝ አልከራከረውም። እኔ አንባቢ የለመደውን ይዤ ጸደይ እላለሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ፌብሩዋሪ 1 በእኛ ጥር 24 ላይ ይውላል።

ብርሃንና ወተት

በቀድሞው የአይሪሾች አቆጣጠር ዓመቱ አራት በር አለው። የብርዱ ወቅት ኖቬምበር 1 በሳምሄን ይገባል፣ ጸደይ ፌብሩዋሪ 1 በኢምቦልክ፣ በጋ ሜይ 1 በቤልቴን፣ መኸር ደግሞ ኦገስት 1 በሉናሳ። የሚገርመው ሦስቱ እስከ ዛሬ በአይሪሽ ቋንቋ የወር ስም ሆነው መኖራቸው ነው። የሜይ ወር ስም ቤልቴን ነው፣ የኦገስት ሉናሳ፣ የኖቬምበር ሳምሄን። ኢምቦልክ ብቻ ወር አላገኘም፤ የፌብሩዋሪ የአይሪሽ ስም ከላቲን የተወሰደ ነው። ቀኑ ራሱ በሕዝብ አፍ የሚታወቀው «የብሪጂድ በዓል ቀን» ተብሎ ነው። ብሪጂድ ማን እንደሆነች እመለስበታለሁ።

ይህ አቆጣጠር ሙቀትን ሳይሆን ብርሃንን ይከተላል። በዓመቱ አጭር ቀን፣ ዲሴምበር 21 አካባቢ፣ ደብሊን የምታገኘው ብርሃን 7 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ላይ ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል። ያም ማለት ቀኑ በአጭሩ ቀንና ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በማርች መሀል በግምት እኩሌታው ላይ ይውላል። ብርዱ ገና አለ፤ ብርሃኑ ግን መመለስ ጀምሯል። የአገሪቱ የሚቲዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት በበኩሉ ሙቀትን ስለሚከተል ጸደይን የሚቆጥረው ከማርች 1 ጀምሮ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ሲጠባ «ገባ» «አልገባም» የሚል ክርክር ይነሣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለኩት ነገር ይለያያል እንጂ።

ብርሃን ግን ለገበሬ ብቻውን አይበቃም፤ የሚበላ ነገር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ወተት የሚመጣው። በ900 ዓ.ም ገደማ የተዘጋጀ «የኮርማክ መዝገበ ቃላት» የሚባል ሥራ አለ፤ የካሸል ንጉሥም ጳጳስም ከነበረውና በ908 ከሞተው ከኮርማክ ማክ ኩለናን ስም ጋር ይያያዛል። ይህ መዝገብ የበዓሉን ስም ሲፈታ «የበግ ወተት» ይለዋል፤ በጎች የሚታለቡበት ጊዜ ነው ማለቱ ነው። የዛሬ የቋንቋ ምሁራን ብዙዎቹ ይህን ፍቺ በጥርጣሬ ያዩታል፤ ቃሉ «በሆድ ውስጥ» ከሚል ሐረግ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፣ ከመታጠብና ከመንጻት ጋር የሚያያይዙትም አሉ።

እኔ ግን ሁለቱን የመጀመሪያ ፍቺዎች ጎን ለጎን ሳያቸው ሁለቱም አንዲት በግ ላይ የሚያርፉ ይመስለኛል። በግ የምታረግዘው አምስት ወር ያህል ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ የተጠቃች በግ ፌብሩዋሪ እየገፋ ሲሄድ ትወልዳለች። በወሩ መባቻ ላይ ታዲያ ሆዷ ሞልቷል፣ ግቷም ማበጥ ጀምሯል። ግልገሉ ገና አልመጣም፤ እንገሩ ግን ቅርብ ነው። አስቡት፤ ላሞቹ በብርዱ ወራት ደርቀዋል፣ በመኸር የተከተተው እህል እየሳሳ ነው፣ አዲስ ነገር ከመሬት ለመብቀል ወራት ይቀሩታል። በዚህ መሀል የአንዲት በግ ግት ማበጡ ለቤተሰቡ ትልቅ ዜና ነው። አበባ ማየት የሚያስደስተው የጠገበን ሰው ነው፤ ለተራበ ግን ምልክቱ ወተት ነበር ማለት ነው።

ሰነዱ የሚለውና የማይለው

በኢንተርኔት ላይ ስለ ኢምቦልክ ከተጻፉት ብዙዎቹ «የአምስት ሺህ ዓመት በዓል» ይሉታል። ለዚህ የሚጠቅሱት ማስረጃ በታራ ኮረብታ ላይ ያለውን «የታጋቾች ጉብታ» የሚባል የድንጋይ መቃብር ነው። መቃብሩ በእርግጥም አምስት ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ በኖቬምበርና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ የማለዳ ፀሐይ ወደ ውስጥ ትገባበታለች። ግን መተላለፊያው አጭር ስለሆነ ብርሃኑ የሚገባው ለአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ለበርካታ ቀናት ነው። የሠሩት ሰዎችም በጽሑፍ የተውልን ነገር የለም። አብዛኞቹ ምሁራን ደግሞ የኬልቲክ ቋንቋ አየርላንድ የገባው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው ይላሉ። ድንጋዩ ፀሐይን ይመለከታል፤ ኢምቦልክ የሚል ግን አልተጻፈበትም።

የጽሑፍ ማስረጃው የሚጀምረው ክርስትና ከገባ በኋላ ነው፤ ጸሐፊዎቹም መነኮሳት ናቸው። በ10ኛውና በ11ኛው ክ/ዘመን ቋንቋ የደረሰን የጀግናው የኩ ሁለንና የኤመር መታጨት ታሪክ አራቱን የዓመት በሮች ሲዘረዝር ኢምቦልክን በጸደይ መግቢያ በጎች የሚታለቡበት ጊዜ ይለዋል። አንዲት አጭር የድሮ ግጥም ደግሞ መብል መቅመስንና እጅ እግር መታጠብን ታነሣለች። ከዚህ ብዙም አያልፍም። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ሮናልድ ሃተን በ1996 ባሳተመው የብሪታንያና የአየርላንድ ዓመታዊ በዓላት ታሪክ ላይ፣ ከክርስትና በፊት በዚህ ቀን ምን ሥርዓት ይፈጸም እንደነበር የሚነግረን ሰነድ እንደሌለ በግልጽ አስቀምጧል።

ዛሬ በየመጽሐፍ መደብሩ የሚታየው ስምንት በዓላት ያሉት «የዓመቱ መንኮራኩርስ»? እሱማ የትናንት ነው። በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ጄራልድ ጋርድነር፣ ሮስ ኒኮልስና ጓደኞቻቸው የአይሪሾቹን አራት በዓላት ከአራቱ የፀሐይ ቀናት ጋር አጋምደው ያቆሙት ነው። ይህን ስል ዛሬ በዚያ መንገድ የሚያከብሩትን ሰዎች ለማጣጣል አይደለም፤ አዲስ በዓልም በዓል ነው። የእኔ ጠብ ከሰባ ዓመቱ ነገር ላይ አምስት ሺህ ዓመት ከሚለጥፈው ጸሐፊ ጋር ነው።

አምላክ ናት ወይስ ቅድስት?

አሁን ወደ ብሪጂድ። አይሪሾች ከቅዱስ ፓትሪክ ቀጥሎ የሚያከብሯት ቅድስት ናት። በትውፊት ያረፈችው በ525 ገደማ ነው፤ ከደብሊን በስተምዕራብ ባለችው በኪልዴር ገዳም መሥርታለች። የከተማዋ ስም «የኦክ ዛፍ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው። ብዙ ጽሑፎች ታዲያ እንዲህ ይላሉ፦ መጀመሪያ ብሪጂድ የምትባል የጣዖት አምላክ ነበረች፣ ቤተ ክርስቲያን መጥታ ቅድስት አደረገቻት። ታሪኩ ያምራል። እስቲ ምንጮቹን በዕድሜ ቅደም ተከተል እንደርድራቸው።

ቀዳሚው ኮጊቶሰስ የሚባል የኪልዴር መነኩሴ በ650 ገደማ በላቲን የጻፈው የቅድስቲቱ ገድል ነው። እዚህ ውስጥ ያለችው ብሪጂድ የወተትና የቅቤ ሰው ናት። የናጠችውን ቅቤ ለድሆች ሰጥታ ስትጨርስ ማሰሮው ተመልሶ ይሞላል፤ እንግዶች በመጡባት ቀን አንዲት ላም ሦስት ጊዜ ትታለባለች፤ ዝናብ ያራሰውን ካባዋን በፀሐይ ጨረር ላይ እንደ ገመድ ታሰጣዋለች። ወተት፣ ዝናብ፣ ፀሐይ። የጸደይ ቅድስት ለመሆን ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋታል?

ቀጥሎ የሚመጣው ያው የኮርማክ መዝገበ ቃላት ነው። ብሪጂድ የምትባል አምላክ እንደነበረች፣ ባለቅኔዎች ያመልኳት እንደነበር፣ አንዷ የሕክምና ሌላዋ የአንጥረኞች የሆኑ ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው እህቶች እንደነበሯት የሚነግረን እሱ ነው። ስለዚህ ስለ አምላኳ የሚናገረው ሰነድ ስለ ቅድስቲቱ ከሚናገረው በ250 ዓመት ገደማ ያንሳል ማለት ነው። ይህ ብቻውን አምላኳ አልነበረችም አያሰኝም፤ ዘግይቶ የተጻፈ ነገር የቆየ ወሬ ሊይዝ ይችላል። ግን «መጀመሪያ አምላክ ነበረች» ብሎ እንደ ተረጋገጠ ዜና መጻፍ ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ለእኛ ሙያ በጣም የቀረበ ነው። የዌልሱ ጄራልድ ቄስና ተጓዥ ጸሐፊ ነበር፤ በ1180ዎቹ አየርላንድን ጎብኝቶ ያየውንና የሰማውን አሳተመ። በኪልዴር የማይጠፋ እሳት እንዳለ ይናገራል። 19 መነኮሳይያት በየሌሊቱ እየተፈራረቁ ይጠብቁታል፣ በ20ኛው ሌሊት ተራው የብሪጂድ የራሷ ነው፣ እሳቱ ዙሪያውን ታጥሯል፣ ወንድ አጥሩን ማለፍ አይችልም። አመዱም አይጨምርም ይላል። ጄራልድ ጥሩ ተራኪ ነው፤ ዳሩ ግን አየርላንድን ከወረሩት ወገን የመጣ ሰው በመሆኑ አገሩን እንግዳ አድርጎ ማሳየት ይወዳል። ምንጭ ስንመዝን ይህንንም ከግምት ማስገባት ያለብን ይመስለኛል። እሳቱን በ1993 የብሪጂዳይን መነኮሳይያት በኪልዴር እንደገና ለኩሰውታል፤ በ2006 ደግሞ በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት ሜሪ ማክአሊስ በከተማዋ አደባባይ ላይ የሚነደውን አብርተዋል።

ሃምሳ ሺህ ትናንሽ ሪፖርተሮች

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሰዎች ሁሉ ንጉሥ፣ መነኩሴ፣ ቄስ ናቸው። ተራው ገበሬ በዚያ ሌሊት ቤቱ ውስጥ ምን ያደርግ ነበር? መልሱን ያገኘሁት ካልጠበቅኩት ቦታ ነው፤ ከተማሪ ደብተር።

በ1935 የተቋቋመው የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን ከ1937 እስከ 1939 ባሉት ዓመታት ከመምህራንና ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ሆኖ አንድ ትልቅ ሥራ ሠራ። ወደ 5,000 በሚጠጉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ሳምንታዊውን የድርሰት ክፍለ ጊዜ ትተው ቤታቸው ሄደው አያቶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን እንዲጠይቁ ተደረገ። ለመጠየቂያ የሚሆን መመሪያ ተዘጋጀላቸው። ልጆቹ የሰሙትን ጻፉ፣ የነገራቸውን ሰው ስም፣ ዕድሜና መንደር ጨመሩ፤ መምህሩ ደግሞ የተሻለውን መርጦ ወደ ትልቁ መዝገብ አስገባ። 50,000 ገደማ ልጆች ተሳትፈው 740,000 ያህል ገጽ ተሰበሰበ። ኮሚሽኑ በ1942 ለብቻው ስለ ብሪጂድ በዓል ለአዋቂዎች መጠይቅ በትኗል። የኮሚሽኑ ስብስብ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ! እኛ በአንደኛ ዓመት የተማርነውን የምንጭ አጠቃቀም የ12 ዓመት ልጅ ሲሠራበት አስቡት። በ1938 አንድ የ80 ዓመት አዛውንት የተናገሩት የራሳቸውን ልጅነት ከሆነ ወደ 1860ዎቹ ይወስደናል፤ ከእናታቸው የሰሙት ከሆነ ደግሞ ከ1845ቱ ታላቅ ረሃብ ወዲያ ማዶ። ከዚያ አልፎ ግን አይሄድም። ይህን ገደብ ማወቅ የስብስቡን ዋጋ አይቀንሰውም፤ እንዲያውም እምነት እንድጥልበት ያደረገኝ ይህ ነው። በእርግጥ ልጅ ለመምህሩ የማያሳየው ነገር ይኖራል፣ መምህሩም ያልወደደውን ይተዋል፤ ስለዚህ የስካርና የጠብ ወሬ ከአየርላንድ የበዓል ሌሊት ጠፍቶ ካየሁት ጠፍቶ ነበር ብዬ አላምንም።

ከእነዚህ መዝገቦችና ፎክሎረኛው ኬቨን ዳነሐር በ1972 ካሳተመው የአየርላንድ ዓመት መጽሐፍ ሌሊቱን እንዲህ ማየት ይቻላል። በዓሉ የሚጀምረው በዋዜማው፣ ጃንዋሪ 31 ሲመሽ ነው። ቤቱ ይጠረጋል፣ ገበታው ላይ ድንች በቅቤ ይቀርባል፤ የተረፈ ጥቂት ቅቤ ቢኖር የሚወጣው ዛሬ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ከቤቱ ሴት ልጆች አንዷ ውጭ ወጥታ የእኛን ቄጠማ የሚመስል የረግረግ ሣር በእቅፏ ይዛ በሩን ታንኳኳለች። ሣሩ በእጅ ይነቀላል እንጂ በስለት አይቆረጥም። ውስጥ ያሉት ተንበርክከው ይጠብቃሉ፤ እሷ ብሪጂድን ወክላ እንዲያስገቧት ትጠይቃለች፣ እነሱም እንኳን ደህና መጣሽ ይላሉ። ከራት በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ተቀምጦ ከዚያ ሣር መስቀል ይጎነጉናል። አራት ክንድ ያለው በብዛት የታወቀው ነው፤ ወደ ሰሜን ሦስት ክንድ ያለውም አለ። መስቀሉ ከበሩ በላይ ወይም ከጣሪያው እንጨት ሥር ይሰካል። ቤቱ የሣር ክዳን ስለሆነ ዋናው ልመና አንድ ነው፤ እሳት እንዳይነሣ።

ስለ መስቀሉ አመጣጥ የሚነገር ታሪክ አለ፤ ብሪጂድ አንድ በሞት አልጋ ላይ ያለ አረማዊ ባላባት አጠገብ ተቀምጣ ወለል ላይ ከተጎዘጎዘው ሣር መስቀል እየጎነጎነች አስተማረችው ይባላል። ውብ ታሪክ ነው፤ በኮጊቶሰስ ገድል ውስጥ ግን የለም።

ሌሊቱን ደጅ የሚያድር ጨርቅም አለ፤ የብሪጂድ ካባ ይሉታል። ቅድስቲቱ በዚያ ሌሊት ስታልፍ ትነካዋለች፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ራስ ምታት ላመመው ሰው ግንባር ላይ ይታሰራል፣ ምጥ ለያዛት ላምም ይደረጋል። አንዳንዶች ማታ ለክተው ያስቀምጡትና ጠዋት ረዝሞ እንደሆነ ያያሉ። በመስኮቱ ደፍ ላይ ለብሪጂድ ቁራሽ ዳቦ፣ ለነጭ ላሟ ደግሞ አንድ ነዶ ገለባ ይቀመጣል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ይህ ነው፤ በዚያ ቀን የቤቱ አባወራ ወደ ጎተራና ወደ ድርቆሹ ክምር ሄዶ ይለካል። ግማሹ መቅረት አለበት። የብርዱ ወራት መሀሉን አልፏል፣ ሣር ግን ገና አልበቀለም፤ ግማሽ ከሌለ ወይ ከብት ይሞታል ወይ ዘር ይበላል። ጸደይ ገባ ብሎ የሚዘምረው ሰው ያንኑ ቀን የቀረውን ድንች ይቆጥራል። ስለዚህ በዓል የሚጻፉ ባለ ቀለም ፎቶ ገጾች ይህን አይነግሯችሁም፤ እኔ ግን የበዓሉ አጥንት እሱ ይመስለኛል።

አንድ ሐሳብ ላስገባ። ልጆቹ የተጠቀሙት ዘዴ ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው የጠየቀው። እኛም ለሴሚስተር እረፍት ወደየቤታችን ስንበተን እያንዳንዳችን የአንድ አዛውንት ቃል፣ ስሙንና ዕድሜውን ጨምረን ይዘን ብንመለስ ክፍሉ በሁለት ዓመት ውስጥ የራሱ መዝገብ ይኖረዋል። መምህራኖቻችን ቢያስቡበት።

ቀኑ ሲነጋ

ጠዋት ላይ ደግሞ ጨዋታ አለ። ልጆችና ወጣቶች ብሪጂድን የምትመስል አሻንጉሊት ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ ይዘፍናሉ፣ ሳንቲምና ምግብ ይሰበስባሉ። በኬሪ አውራጃ እስከ ዛሬ ከገለባ የተሠራ ረጅም ቆብ ያጠለቁ «ቢዲዎች» በሙዚቃ ይዞራሉ፤ በጋልዌይ በኩል ከገለባ የተገመደ ትልቅ ቀለበት ይዘው ቤተሰቡን ለጤና በውስጡ ያሳልፋሉ። በስኮትላንድ፣ አሌክሳንደር ካርማይክል በ1900 ባሳተመው የጌይሊክ ትውፊት ስብስብ እንደምናነበው፣ እባብ በዚያ ቀን ከጉድጓዱ ይወጣል ይባላል። አይሪሾች እባብ የላቸውም፤ የነሱ ምልክት የሚታለበው ወተትና ከሣሩ ውስጥ ብቅ የሚለው ዳንደላዮን የሚሉት ቢጫ አበባ ነው፤ በቋንቋቸው በብሪጂድ ስም ይጠራል።

የሣሩ መስቀል ጋዜጠኛ ቤትም ደርሷል። የአየርላንድ ቴሌቪዥን በዲሴምበር 31 ቀን 1961 ሥርጭት ሲጀምር መለያው ያደረገው የብሪጂድን መስቀል ነበር፤ እስከ 1995ም በስክሪን ላይ ቆይቷል። አንድ ትውልድ ዜና ከመስማቱ በፊት የሚያየው ከእሳት እንዲጠብቅ ጣሪያ ላይ የሚሰካውን መስቀል ነበር ማለት ነው።

መንግሥት በጃንዋሪ 2022 አዲስ የሕዝብ በዓል አወጀ፤ በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ፌብሩዋሪ 6 ቀን ተከበረ። የአገሪቱ አሥረኛው የሕዝብ በዓል ሲሆን በሴት ስም የተሰየመ የመጀመሪያው ነው። ለዚህ የቀሰቀሱት ሰዎች መሀል ብሪጂድን እንደ አምላክ የሚያዩም እንደ ቅድስት የሚያዩም ነበሩ፤ ሁለቱም እረፍቱን አግኝተዋል። ሕጉ በዓሉ በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ እንዲውል ይላል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ እረፍቱና የብሪጂድ ቀን አይገጣጠሙም፣ መስቀሉ ግን አሁንም በጃንዋሪ 31 ማታ ነው የሚጎነጎነው። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ ተቀምጧል፤ ፌብሩዋሪ 1 ዓርብ ላይ ከዋለ በዓሉ በዚያው ዓርብ ይሆናል። ቆጥሬ እንዳየሁት ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሆነው በ2030 ነው።